አንጀት የሚበላው መነጽር



በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሣው ስለ አንድ መነጽር ነው። የፀሐይ መነጽር አይደለም፣ የማንበቢያም አይደለም። ዐይንን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን፣ በውስጡ ስክሪን ያለው፣ ያጠለቀው ሰው ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ ዘወር ባለ ቁጥር ሥዕሉ አብሮት የሚዞር መሣሪያ ነው። ፈረንጆቹ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ ደግሞ ምናባዊ እውነታ የሚል ስም ወጥቶለታል። ያጠለቀው ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ ራሱን ጫካ ውስጥ፣ ባሕር ውስጥ ወይም የስደተኞች ድንኳን ውስጥ ያገኘዋል። ወጣቶቻችን መነጽሩን የሚያውቁት በጨዋታ ነው፤ በዚያ ላይ የምንለው የለንም። እኛን ያሳሰበን ሌላው አገልግሎቱ ነው። የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በዚህ መነጽር አማካይነት አንድ ጥንታዊ ጥያቄ እየፈተሹ ይገኛሉ፤ ይኸውም ሰው የሌላውን ሰው ሥቃይ እንዴት ይጋራል፣ ከተጋራስ በኋላ ምን ያደርጋል የሚል ነው።

ነገሩ ከእኛ የራቀ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ቻሪቲ ዎተር የተባለው የአሜሪካ የውኃ ርዳታ ድርጅት በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የገንዘብ ማሰባሰቢያ ግብዣ አድርጎ ነበር። 400 ያህል ባለጸጎች ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከታደሙ በኋላ መነጽሩ ለእያንዳንዳቸው ታደለና ሁሉም በአንድ ጊዜ አጠለቁት። ያዩት የእኛኑ አገር ነው። ትግራይ ውስጥ ባለች አንዲት መንደር የምትኖር፣ እናቷን በሞት ያጣች የ13 ዓመት ልጃገረድ ንጹሕ ያልሆነ ውኃ ለመቅዳት ስትመላለስ አብረዋት ሄዱ። ቤቷ ገቡ። በመጨረሻም የጉድጓድ መቆፈሪያው መኪና መጥቶ ውኃው ሲወጣና መንደርተኛው ሲደሰት በመካከላቸው ቆመው ተመለከቱ። መነጽሩን ሲያወልቁ ብዙዎቹ እያለቀሱ ነበር። በዚያች ምሽት ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ።

ገንዘቡን የምናጣጥል አይደለንም። ውኃ ለተጠማ መንደር ጉድጓድ ጉድጓድ ነው፤ የሰጪው ዕንባ ከየት እንደመጣ ጠጪው አይመረምርም። በዚያው ዓመት መጀመሪያም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በዮርዳኖስ የዛዕተሪ መጠለያ ስለምትኖር የ12 ዓመት ሶርያዊት ልጅ በዚሁ መሣሪያ የሚታይ ፊልም አሠርቶ ዳቮስ ላይ ለተሰበሰቡት የዓለም ሹማምንትና ባለሀብቶች አሳይቷል። ከፊልሙ ሠሪዎች አንዱ የሆነው ክሪስ ሚልክ ወዲያው አደባባይ ወጥቶ መነጽሩን ወደር የሌለው የርኅራኄ መኪና ሲል ሰየመው። ለመሆኑ ርኅራኄ በመኪና ይመረታልን? ተመራማሪዎቹ ሥራ የጀመሩት እዚህ ላይ ነው።

በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ከ500 በላይ ሰዎችን አሳትፈዋል። ከፊሎቹ መነጽሩን አጥልቀው ራሳቸውን ከሥራ የተባረረ ሰው ሆነው አገኙት። የቤት ኪራይ ለመክፈል ዕቃቸውን እየመረጡ ሸጡ፣ አልበቃ ሲል ከቤት ወጡ፣ መኪና ውስጥ አደሩ፣ በመጨረሻም ሻንጣቸውን እየጠበቁ አውቶቡስ ላይ ሌሊቱን አሳለፉ። ሌሎቹ ደግሞ ይህንኑ ታሪክ በጽሑፍ አንብበው ራሳቸውን በባለታሪኩ ቦታ አድርገው እንዲያስቡ ተነገራቸው። ከዚያም አቅም ላነሣቸው ቤት እንዲሠራ የሚጠይቅ የድጋፍ ፊርማ ቀረበላቸው። መነጽሩን ካጠለቁት ከ100ው 82ቱ ፈረሙ፤ ካነበቡት ደግሞ 67ቱ። የመነጽሩ ሰዎች ለቤት አልባዎች የነበራቸው በጎ አመለካከት ከ8 ሳምንት በኋላም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቢሆንም 67 ለወረቀት ትንሽ ቁጥር እንዳልሆነ በወረቀት ላይ የምንጽፍ ሰዎች ሳንናገር አናልፍም! ሁለቱም ወገኖች ምን ያህል እንዳዘኑ ሲጠየቁም መልሳቸው ተቀራራቢ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች እስከዚያ የተደረጉ 43 ጥናቶችን በአንድነት ሰብስበው መዘኑ። በጥናቶቹ የተሳተፉት ሰዎች በድምሩ ከ5,600 ይበልጣሉ። ያገኙትን ለመግለጽ የእኛ አማርኛ ይመቻል። በእኛ ዘንድ አንድ ነገር «አንጀቴን በላው» ማለት አንድ ነው፣ «ገባኝ» ማለት ሌላ ነው። መነጽሩ አንጀት ይበላል፤ ይህ ተረጋገጠ። የሌላውን ሐሳብ፣ ፍላጎትና ሁኔታ በትክክል ወደ መረዳት ግን አላደረሰም። በዚያም ላይ እንደ ንባብ ካሉት ተራ መንገዶች ይልቅ ልቆ አልተገኘም።

አንጀት መበላትና መረዳት ሊለያዩ እንደሚችሉ ለማወቅ ግን እኛ ላቦራቶሪ አያስፈልገንም። በሥዕል ታይተን፣ በሥዕል ታዝኖልናልና።

የሰባ ሰባቱን ድርቅ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያስታውሱታል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 23 ቀን 1984 የእንግሊዙ ቢቢሲ ከኮረም የተላከ ዘገባ አሰራጨ። ዘጋቢው ማይክል ቡርክ ነበር። ካሜራውን የያዘው ግን ሙሐመድ አሚን የተባለ የናይሮቢ ተወላጅ ሙስሊም ነው፤ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1996 ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ ያለፈው እሱ ነው፤ አላህ ይዘንለት። እሱ የቀረጸው ሥዕል ዓለምን አናወጠ። መነጽር አልነበረም፣ የሳሎን ቴሌቪዥን ብቻ ነበር፤ አንጀት ለመብላት ግን ከበቂ በላይ ሆነ። የእንግሊዝ ዘፋኞች ተሰብስበው «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» የሚል ዘፈን አወጡ፤ በቀጣዩ ሐምሌ በለንደንና በፊላደልፊያ የተደረገው ትልቅ ዝግጅትም ብዙ ገንዘብ አስገኘ። እህሉ መጣ፣ ነፍስም ዳነ።

ይሁንና የዘፈኑን ርእስ ልብ በሉት። የወሎ ሕዝብ ከፊሉ ሙስሊም ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ክርስትናን ከአክሱም ዘመን ይዞ የኖረ፣ ገናን ዘፋኞቹ ከሚያውቁት ቀደም ብሎ ሲያከብር የነበረ ነው። የሚያዝኑለት ሰው ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ከልባቸው አዘኑለት። ልባቸው ንጹሕ እንደነበር አንጠራጠርም። አለማወቃቸውም የዚያኑ ያህል ግልጽ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን በአሶሳ ዙሪያ የምንኖር ሰዎች እንናገረው። በዚያው ዓመት መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ እያነሣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ማጓጓዝ ጀመረ። ከሠፈራው ቦታዎች አንዱ አሶሳ ነበር። ዛሬ በየአምባዎቹ የሚኖሩት ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሠፋሪዎች፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። አንዳንዱ ወዶ መጣ፣ አንዳንዱ ተገዶ። ከባሉ የተለየች ሚስት፣ ከእናቱ የጠፋ ልጅ ነበር። የደጋው ሰው ቆላ ወርዶ በወባ አለቀ። ሲራብ በየሳሎኑ የታየው ሰው መኪና ላይ ሲጫን ያየው ጥቂት ነው፤ «መሄድ ትፈልጋለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። መሬቱ ለሠፋሪ የተሰጠበት የቤርታ ባላገርም አልተጠየቀም። ርሃቡ አንጀት በላ፤ ሠፈራው ግን ሥዕል አልነበረውም።

ከዚያም በፊት እንዲሁ ነው። የወሎን የ1966 ዓ.ም. ርሃብ ዓለም ያየው ጆናታን ዲምብልቢ በሠራው ፊልም ነበር። ይኸው ፊልም ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ዋዜማ ላይ፣ ማለትም በ1967 ዓ.ም. አዲስ ዓመት፣ ከቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕሎች ጋር ተቀነባብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ርሃቡ እውነት፣ ድግሱም እውነት። አቀነባባሪው ግን የራሱ ዓላማ ነበረው፤ ያኔ በተራበው ስም ያለቀሰው ደርግ በ1977 ዓ.ም. ምን እንዳደረገ ከላይ ተናግረናል። እንግዲህ መነጽር ሲቀርብላችሁ፣ ወይም በስልካችሁ አንድ አሳዛኝ ቪዲዮ ሲመጣላችሁ፣ ሥዕሉን ያነሣው ማን ነው፣ ካሜራው ከመዞሩ በፊትና ከዞረ በኋላ ምን አለ ብላችሁ ብትጠይቁ ጥርጣሬ ሳይሆን አስተዋይነት ነው።

የመነጽሩ ሌላ ችግር ደግሞ ያሳሳታል። ዐይኑን በጨርቅ ሸፍኖ ለደቂቃዎች የሚንቀሳቀስ ሰው ስለ ዐይነ ስውርነት ምን ይማራል? እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ይህንኑ ሞክሮ ነበር። ዐይናቸው ተሸፍኖ እየተደናበሩ የተለማመዱት ሰዎች ለዐይነ ስውራን አዘኑላቸው፤ ነገር ግን «ዐይነ ስውር ሠርቶ፣ ራሱን ችሎ መኖር ይችላል ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ ካልተለማመዱት ይልቅ አይችልም ወደሚለው አደሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እነሱ የቀመሱት ገና ዛሬ የታወረን ሰው ድንጋጤ ነው እንጂ ዐይነ ስውር ሆኖ የመኖርን ጥበብ አይደለም። እኛ ግን ቁርኣንን ከፋቲሓ እስከ ናስ በቃላቸው የያዙ፣ የደረሳ ስሕተት ከመንደሩ ጫፍ ሰምተው የሚያርሙ፣ ለሱብሒ ማንም ሳይመራቸው መስጊድ ቀድመው የሚገኙ ዐይነ ስውር ሸኾች እናውቃለን። በጨርቁ ውስጥ ያለው ጨለማ የእሳቸውን ዓለም አያሳይም። ስደተኛውም እንደዚሁ ነው። ስምንት ደቂቃ በድንኳኑ ውስጥ የቆመ ሰው ድንኳኑን ያያል፤ ድንኳኑ ውስጥ ስምንት ዓመት ልጅ ያሳደገችው እናት የምታውቀውን ግን አያውቅም።

ፖል ብሉም የተባለ የሥነ ልቡና ምሁር የሚያነሣው ክርክርም ከዚህ ጋር ይገጥማል። መነጽሩ ይወልቃል፤ ስደት አይወልቅም። ባለመነጽሩ በፈለገ ጊዜ ማቆም እንደሚችል ስለሚያውቅ የስደቱን ዋና ነገር፣ ማለትም መጨረሻው አለመታወቁን፣ ሊቀምሰው አይችልም።

ከአንባብያን አንዱ «ታዲያ ጾማችንስ?» ሊለን ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጾመኛም መግሪብ እንደሚደርስ ያውቃል፤ ቴምሩም ከፊቱ ተቀምጧል። የድኻን ርሃብ ሙሉ በሙሉ ቀመስኩ ሊል አይችልም። የጾም ዓላማ ተቅዋ መሆኑን ዑለማዎቻችን አስተምረውናል፤ የተራበን ማስታወስ ከጥቅሞቹ አንዱ ነው። ዳሩ ግን ሸሪዓው ነገሩን ለስሜት ብቻ አልተወውም። ከዒድ ሶላት በፊት ዘካተል ፊጥር አለ፤ በስፍር የሚሰጥ እህል ነው። መጾም የማይችለው በሽተኛ ወይም አዛውንት ደግሞ በፊድያ ሚስኪን ያበላል። ርሃቡን ባይቀምሰውም ማብላቱ አልቀረለትም። ወደ መነጽሩ ስንመለስ ደግሞ የኒውዮርኮቹ እንግዶች ሲያወልቁ ከፊታቸው የመስጫ መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ያ መንገድ ባይኖር ዕንባቸው የት ይሄድ ነበር?

ከጥናቶቹ ሁሉ በዓምዳችን እንድትይዙልን የምንፈልገው እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመውንና 25 ሙከራዎች ያሉበትን ነው። ታል ኢያል፣ ሜሪ ስቴፍልና ኒኮላስ ኤፕሊ ያጠኑት ነው። በዚህ ውስጥ መነጽር የለም። ሰዎች ራሳቸውን በሌላው ቦታ አድርገው እንዲያስቡ ይደረጋል፤ ከዚያም የዚያን ሰው ስሜት ወይም ምርጫ ይገምታሉ። አብረው የሚኖሩ ጥንዶችም ነበሩባቸው። ራስን በሌላው ቦታ ማድረግ ግምታቸውን ትክክለኛ አላደረገውም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ስሕተቱ በዝቶ በራሳቸው መተማመናቸው ጨመረ። ግምታቸው የተስተካከለው አንድ ነገር ሲያደርጉ ብቻ ነበር፤ ሰውየውን ሲጠይቁት።

እስኪ ቋንቋችንን እንመልከት። በአማርኛ የታመመ እንጠይቃለን፤ ያዘነ እንጠይቃለን፤ የታሰረ እንጠይቃለን። ሄዶ ማየትና አፍ ከፍቶ መጠየቅ በአንድ ቃል ነው የሚጠሩት። የታመመን መጠየቅ በዲናችን ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ መሆኑን ደግሞ ሕፃናት ሁሉ የሚማሩት ነው። እንዲህ ስንል ግን ራሳችንን አናሞግስም። ብርቱካን አንጠልጥለን ሄደን፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠን ስለ ስኳር ዋጋ ተጫውተን፣ በሽተኛውን ምንም ሳንጠይቀው «አላህ ያሽርህ» ብለን የምንወጣ ጥቂቶች አይደለንም።

የሚጠየቅ ሰው ደግሞ በአካባቢያችን አላነሰም። የሸርቆሌ መጠለያ ከእ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሱዳን ብሉ ናይል ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሰው ወደ እኛ ተሻገረ፤ በቀጣዩ ዓመት የባምባሲ መጠለያ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ የተጀመረው ጦርነትም ሌላ ስደተኛ በኩርሙክ በኩል አመጣ። በዚህም በዚያም ወሰን ቤርታ አለ፤ ቋንቋውም አንድ ነው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከካማሺ ዞን የተፈናቀለ ያገራችን ሰው ነበር። ለእነዚህ መነጽር አያስፈልግም። ጋዛንና ሶርያን በስልኩ እያየ የሚያለቅስ ወጣት፣ ለቅሶው እውነተኛ መሆኑን እያመንን፣ ገበያ ላይ አጠገቡ ቆሞ ሽንኩርት የሚሸጠውን ልጅ ስም ያውቀው እንደሆነ ብንጠይቀው አይቀየመን።

እኛ ባለንበት ደብረ ዘይት (ደብረ ዘይት ሲባል ብዙ ሰው የቢሾፍቱን ሐይቆች ያስባል፤ የምንለው በአሶሳ በኩል ያለውን ነው) ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን አንድ ሥራ ሰጥተን ነበር። «ከሱዳን ሸሽቶ የመጣ የእናንተ ዕድሜ ልጅ ከሁሉ በላይ የሚቸግረው ምንድን ነው?» ብለን በወረቀት አስጻፍናቸው። ምግብ፣ ልብስ፣ የሞተ አባት፣ በሌሊት መባነን ብለው ጻፉ፤ አንዷማ ስታነብ አለቀሰች። ከዚያ «አሁን ሂዱና ጠይቁ» አልናቸው። ከዘመዶቹ ጋር ተጠግቶ የሚኖር አንድ ልጅ ስለነበር ከአባላቱ ዐረብኛ የሚችል ያለበት አንድ ቡድን ወደ እሱ ሄደ።

የልጁ መልስ ከወረቀቶቹ አንዱም ላይ አልነበረም። አገሩ ሳለ 7ኛ ክፍልን ጨርሷል። ሲሸሹ የትምህርት ማስረጃው ቤት ቀረ፤ አማርኛም አይችልም። ስለዚህ እዚህ 3ኛ ክፍል አስገብተውታል። ሒሳቡን ሁሉ ያውቀዋል፤ ትንንሾቹ «አባባ» እያሉ ይጠሩታል፤ ወንበሩ አጭር ስለሆነ ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር አይገባም። ከሁሉ የሚቸግረኝ ይሄ ነው አላቸው።

ተማሪዎቹ ተመልሰው መጥተው ያቀረቡት ጥያቄ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ማስረጃ የሌለው ልጅ በፈተና ደረጃው የማይለካው ለምንድን ነው? ሁለተኛው፣ ፈተናው በዐረብኛ ቢሆንለት ማን ያርምለታል? ሁለተኛውን እኛ ወስደነዋል፤ መድረሳ ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው። አንደኛውን በደብዳቤ ጽፈን ለሚመለከተው ክፍል አስገብተናል። «ይታያል» ተብለናል። ልጁ እስከዚያው ጉልበቱን ወደ ጎን አድርጎ 3ኛ ክፍል ተቀምጧል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ሁለቱ ተማሪዎቻችን ሒሳብ ሊጠይቁት እየሄዱ ነው።